ጨዋታ መድኃኒት ይሆናልን?

ባለፈው ጥር ወር አንዲት የ3ኛ ክፍል አስተማሪ ደብዳቤ ጻፉልን። ነገሩ እንዲህ ነው። በክፍላቸው ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ አለ። አባቱ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ በትምህርት ቤት ውስጥ ቃል መናገር ትቷል፤ ሲጠሩት ቀና ብሎ ያያል እንጂ አይመልስም፤ በዕረፍት ሰዓትም ከግቢው አጥር ሥር ብቻውን ተቀምጦ ጭቃ ይጠፈጥፋል። ከሥራ ባልደረቦቻቸው አንዱ፥ ልጁ ንቀት ስላደረበት ነውና ቢገረፍ ይናገራል አሉ። ሌላው ደግሞ፥ ጊዜ ሲያልፍ ራሱ ይተወዋልና ዝም በሉት ብለው መከሩ። እኒህ አስተማሪ ግን በውጭ አገር የተጨነቁ ሕፃናትን በጨዋታ የሚያክሙ ባለሙያዎች እንዳሉ በአንድ ስብሰባ ላይ ሰምተው ኖሮ፥ «ይህ ነገር እውነት ነውን? ወይስ የሀብታም አገር ሰዎች ጊዜ ማሳለፊያ ነው? እውነት ከሆነስ በምን ታወቀ?» ሲሉ ጠየቁን።

አንባቢዎቻችን እንደሚያስተውሉት ጥያቄው ሁለት ነው። ጨዋታ ያድናል ወይ የሚለው አንድ ነው፤ ማዳኑ በምን ታወቀ የሚለው ሌላ ነው። የኋለኛው ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ስፍራ የምንሰጠው ለእርሱ ነው። የምርምሮቹን ዓመታት ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ምሳሌ፥ ልጅ የሚሠራውን ሁሉ እንደ ከንቱ የመቁጠር ልማዳችንን ይገልጻል። ጨዋታውንማ ልብስ የሚያሳድፍ፥ ከትምህርትም የሚያዘናጋ ነገር አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን ሕፃናት ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ከበር ኋላ ቆሞ ያዳመጠ ሰው ሌላ ነገር ይታዘባል። እናት የሆነችው ልጅ አሻንጉሊቷን የምትቆጣበት ቃል፥ እርሷ ራሷ ማለዳ የተቆጡባት ቃል ነው። በሰፈሩ ለቅሶ ሆኖ እንደሆነ በማግሥቱ ሕፃናቱ ድንኳን ይተክላሉ፤ በነጠላ ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ሬሳም ይሸከማሉ። ታላላቆች ይህን ባዩ ጊዜ ሟርት ነው ብለው ይበትኗቸዋል። ሕፃናቱ ግን የሚያደርጉት፥ ታላላቆቹ በቡና ዙሪያ ተቀምጠው የሚያደርጉትን ነው። ያስደነገጣቸውን ነገር ደጋግመው እያነሡ ክብደቱን ያቀልሉታል። ትልቅ ሰው በቃል ያወራዋል፤ ሕፃን ግን ቃሉ ስለማይበቃው በእጁና በዕቃው ያወራዋል።

የጨዋታ ሕክምና የተመሠረተው በዚህ አስተያየት ላይ ነው። ታሪኩን በአጭሩ እናልፈዋለን። የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ በ1909 ፈረስ ስለሚፈራ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፤ ልጁን ያከመው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአባቱ አማካይነት ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት ሜላኒ ክላይን በበርሊን፥ ኋላም በሎንዶን፥ ትናንሽ መጫወቻዎችን ለሕፃናት እየሰጠች ጨዋታቸውን እንደ ንግግር ቆጥራ ትተረጉመው ጀመር። ማርጋሬት ሎወንፌልድም በሎንዶን፥ ሕፃናት በአሸዋ በተሞላ ገበታ ላይ ቤቱን፥ ዛፉን፥ አውሬውን እያቆሙ የራሳቸውን ዓለም የሚሠሩበትን ዘዴ አስጀመረች። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትንና ከሁሉ ይልቅ የተመረመረውን ሥርዓት ያቆመችው ግን አሜሪካዊቷ ቨርጂንያ አክስላይን ናት። እርሷም የካርል ሮጀርስ ተማሪና የሥራ ባልደረባ ነበረች፤ «የጨዋታ ሕክምና» የተባለውን መጽሐፏን ያሳተመችው በ1947 ነው።

በአክስላይን ሥርዓት ምን እንደሚደረግ ጥቂት እናብራራ። የጨዋታው ክፍል ሰፊ መሆን አያስፈልገውም። ሸክላ ጭቃ፥ አሸዋ፥ ውሃና ቀለም ይቀመጥበታል። አባት፥ እናትና ሕፃን የሆኑ አሻንጉሊቶች፥ የእንስሳት ምስሎች፥ ትናንሽ ወታደሮች፥ አንድ ጡጦም አይጠፋም። ልጁ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለ30 ወይም ለ45 ደቂቃ ያህል ይገባል። ታላቁ ሰው ከአጠገቡ ይቀመጣል እንጂ ይህን ተጫወት፥ ያን ተው አይለውም። አይመክረውም፤ የሠራውንም ጎበዝ ብሎ አያወድስለትም። የሚያደርገው የልጁን ስሜት አይቶ በቃል መመለስ ነው። ልጁ ሕፃኑን አሻንጉሊት ከቤት አውጥቶ በሩን ቢዘጋበት፥ «ሕፃኑ ውጭ ቀረ፤ በርሱ ላይ ተቆጥተሃል» ይለዋል። ልጁ «አይደለም፥ ፈርቶ ነው» ብሎ ቢያርመው እርማቱን ይቀበላል። ወሰን የሌለው ነገር ግን አይደለም። መስኮት መስበር፥ ራስንም ሆነ ሌላውን መምታት አይፈቀድም፤ ሰዓቱ ሲያልቅም ያልቃል። ይህን ለሚያነብ አስተማሪ ከሁሉ የሚከብደው አለማስተማሩ ሳይሆን አይቀርም።

አክስላይን በ1964 ስለ አንድ ልጅ የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ አወጣች። በመጽሐፉ «ዲብስ» ተብሎ የተጠራው ይህ ልጅ ሕክምናውን ሲጀምር የ5 ዓመት ሕፃን ነበር። በትምህርት ቤት ከጠረጴዛ ሥር ይደበቅ፥ ሲነኩት ይቧጥጥ፥ ሰው ሲያነጋግረው ዝም ይል ስለ ነበር፥ ወላጆቹ ሳይቀሩ አእምሮው የጎደለ መስሏቸው ነበር። ከብዙ ሳምንታት ጨዋታ በኋላ ተናገረ፤ አነበበ፤ አእምሮው በተመዘነ ጊዜም ልኩ 168 ሆኖ ተገኘ፤ መካከለኛው ሰው በዚህ ሚዛን 100 ነው። መጽሐፉን ያነበቡ ብዙ ሰዎች አልቅሰውበታል። እኛም ስናነብ ዓይናችን ደረቅ አልነበረም። ይሁን እንጂ የአንድ ልጅ ታሪክ ልብን ይነካል እንጂ አስተማሪዋ ለጠየቁን ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ዲብስ ጨዋታ ባያገኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ይህን ማንም ሊነግረን አይችልም፤ ያልታከመ ሌላ ዲብስ የለምና።

ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል ብቻ የተነሣ አይደለም። ዩጂን ሌቪት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1957 እስከዚያ ጊዜ ስለ ሕፃናት የአእምሮ ሕክምና የወጡትን ጥናቶች ሰብስቦ ቈጠረ። በጨዋታ የታከሙትን ብቻ አልነበረም የቈጠረው፤ በልዩ ልዩ መንገድ የታከሙትን በአንድነት ነው። ከታከሙት ሕፃናት ሕክምናው ሲያበቃ ሁለት ሦስተኛው፥ ከዓመታት በኋላ ሲታዩ ደግሞ ሦስት አራተኛ የሚያህሉት ተሽሏቸው ተገኙ። መልካም ዜና ይመስል ነበር። ነገር ግን ሌቪት ለሕክምና ተመዝግበው ሳይጀምሩ የቀሩትንም ሕፃናት ፈልጎ አየ። ከእነርሱም መካከል 72 ከመቶ የሚሆኑት እንዲሁ ተሽሏቸው ነበር። ይህ ቁጥር በዘመኑ በነበሩት ሐኪሞች ተስፋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት።

«ጊዜ ሲያልፍ ራሱ ይተወዋል» ያሉት አስተማሪ እንግዲህ ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ጉንፋን የያዘው ሰው ዳማከሴ ቢጠጣም ባይጠጣም በሳምንቱ ይነሣል፤ ሲነሣ ግን ምስጋናው ለዳማከሴው ነው። በልጆችም ጭንቀት ላይ እንዲሁ ይሆናል። ስለዚህ መድኃኒቱን ለመመርመር የሚፈልግ ሰው፥ ማዳበሪያን እንደሚፈትን ገበሬ መሆን አለበት። ገበሬው በአንድ ዓይነት መሬት ላይ ሁለት መደብ ያዘጋጃል፤ ዘሩ አንድ፥ ዝናሙ አንድ ይሆናል፤ ማዳበሪያውን በአንደኛው ላይ ብቻ ያደርጋል። በሕፃናትም ምርምር ችግራቸው የሚመሳሰል ልጆች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገን ወዲያው ይታከማል፤ ሁለተኛው ተራውን ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ዕጣው የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። መራጩ ሰው ቢሆን፥ ሳያውቀውም ቢሆን፥ የሚሻላቸውን ልጆች ለሕክምናው ይመርጣል።

እንዲህ ያሉ የንጽጽር ጥናቶች ከ1950ዎቹ ጀምሮ አንድ በአንድ እየወጡ ተከማቹ። አብዛኞቹ ግን በ20 ወይም በ30 ልጆች ላይ የተደረጉ ስለሆኑ ለየብቻቸው ብዙ አይናገሩም። በ2001 ለብላንክና ሪቺ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 42 ጥናቶችን በአንድ ሚዛን ላይ አደረጉ፤ በ2005 ደግሞ ሱ ብራተንና ባልደረቦቿ ከ1953 እስከ 2000 የተደረጉ 93 ጥናቶችን አሰባስበው መዘኑ። የመጀመሪያው ውጤት 0.66፥ የሁለተኛው 0.80 ሆነ።

ቁጥሩ ብቻውን ትርጉም ስለማይሰጥ በሰልፍ እንመስለው። አንድ መቶ ያልታከሙ ልጆች፥ ችግሩ ከጸናበት ጀምሮ እስከ ቀለለለት ድረስ፥ በጠዋት ለባንዲራ እንደሚሰለፉ ሆነው በተራ ቆሙ እንበል። አሁን ከታከሙት ልጆች መካከል መካከለኛ የሆነውን አምጥተን በሰልፉ ውስጥ ስፍራውን እንፈልግለት። ሕክምናው ከንቱ ቢሆን ኖሮ 50 ልጆች ከኋላው፥ 50 ከፊቱ ሆነው መካከል ላይ ይቆም ነበር። 0.66 ማለት 75 ያህሉን ከኋላው ትቶ ይቆማል ማለት ነው፤ 0.80 ማለት 79 ያህሉን ትቶ ይቆማል ማለት ነው። ይህ በሕክምና ዓለም ትልቅ የሚባል ውጤት ነው።

እዚህ ላይ ብንቆም ጽሑፋችን ባማረ ነበር፤ እውነቱ ግን ተጨማሪ አለው። ከ93ቱ ጥናቶች ብዙዎቹ ጠንካራ እንዳልነበሩ ሌሎች ሊቃውንት ነቅፈዋል። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ዕጣው በሁሉም ዘንድ አልተጣለም፤ የልጁን መሻል የሚመሰክረው ሰው ልጁ መታከሙን አስቀድሞ ያውቃል። ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አለ። የብዙዎቹ ማነጻጸሪያ ምንም ያላገኘ፥ ተራውን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ታዲያ ልጁን የጠቀመው ጨዋታው ነውን? ወይስ አንድ ታላቅ ሰው በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ልቡን ሰጥቶት መቀመጡ? ለተጨነቀው ልጅ ልዩነቱ ላይታወቀው ይችላል። ለመርማሪው ግን ትልቅ ልዩነት ነው፤ ሕፃናትን ለሚያክም ሰው ምን ማስተማር እንዳለብን የሚወስነው ይኸው ነውና።

ስለዚህ የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ወንፊቱን አጠበቡት። በ2015 ሊንና ብራተን የአክስላይንን ሥርዓት የተከተሉ፥ ከ1995 እስከ 2010 የተደረጉ 52 የንጽጽር ጥናቶችን መርጠው ሲመዝኑ ውጤቱ 0.47 ሆነ። በሰልፋችን ላይ የታከመው ልጅ 68ቱን ትቶ ይቆማል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ዲ ሬይና ባልደረቦቿ በትምህርት ቤቶች ውስጥ የተደረጉትን 23 ጥናቶች ለይተው አዩ፤ በተማሪዎቹ ጠባይም ሆነ በትምህርታቸው ላይ የታየው ጥቅም እውነተኛ ቢሆንም ከዚህም ያነሰ ነበር። ወንፊቱ እየጠበበ ሲሄድ ውጤቱ እየቀነሰ መሄዱን አንባቢ ልብ ይበል። ይሁን እንጂ ወደ ባዶ አልወረደም። ጆን ዋይዝና ባልደረቦቹ በ2017 በ50 ዓመት ውስጥ በሕፃናትና በወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ላይ የተደረጉ 447 የዕጣ ጥናቶችን በአንድነት ሲመዝኑ ያገኙት መካከለኛ ውጤት 0.46 ነው። እንግዲህ የጨዋታ ሕክምና ተአምር አይደለም፤ ከሌሎቹ የሕፃናት ሕክምናዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚቆም ሥራ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ ብዙ ነው። የ9 ዓመት ልጅ በራሱ እስኪሻለው ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢያልፍ፥ የሚያልፈው ማንበብና መጻፍ የሚጸናበት፥ ጓደኛም የሚያፈራበት ዘመን ነው።

በዚህ ሁሉ ምርምር ውስጥ እኛን ይበልጥ ያስደነቀን ሌላ ነገር ነው። በርናርድና ሉዊዝ ገርኒ የተባሉ ባልና ሚስት በ1960ዎቹ በአሜሪካ፥ የሕፃናት ሐኪም ለሁሉ እንደማይዳረስ አይተው፥ ሕክምናውን ለወላጆች ለማስተማር ተነሡ። ኋላም ጋሪ ላንድሬዝና ሱ ብራተን በቴክሳስ ትምህርቱን 10 ሳምንት በሚፈጅ ሥርዓት አሳጠሩት። ወላጆቹ በሳምንት አንድ ቀን ይማራሉ፤ በቤታቸውም ከአንድ ልጃቸው ጋር ብቻ፥ በሳምንት ለ30 ደቂቃ፥ በተለየ የመጫወቻ ሣጥን ይጫወታሉ። በ2005ቱ ምርመራ ባለሙያዎች ያጫወቷቸው ልጆች ውጤት 0.72 ሲሆን፥ በተማሩ ወላጆች የተጫወቱት ግን 1.15 ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ በብዙዎቹ ጥናቶች የልጁን መሻል የሚመሰክረው ራሱ ያጫወተው ወላጅ ስለሆነ፥ ቁጥሩን በሙሉ አንቀበለውም። የደከመበትን ሥራ ፍሬ አላፈራም የሚል ሰው ጥቂት ነውና። ቢሆንም ግማሹ እንኳ እውነት ቢሆን፥ ሕፃናትን በጨዋታ የሚያክም ባለሙያ በቀላሉ ለማይገኝበት አገር ትልቅ ነገር ነው።

ጨዋታ በሕክምና ስም የሚገባበት ሌላ ስፍራ ሆስፒታል ነው። በሆንግ ኮንግ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው የተዘጋጁ፥ ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው 203 ልጆች በዕጣ ተከፍለው ነበር፤ ውጤቱ የታተመው በ2007 ነው። አንደኛው ወገን ከቀዶ ጥገናው በፊት ክፍሉን እንዲያይ፥ በአሻንጉሊትም ላይ የሚደረገውን ሁሉ ራሱ እንዲሞክር ተደረገ። እነዚህ ልጆች ከቀዶ ጥገናው በፊትም ሆነ በኋላ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ፤ በማደንዘዣው ጊዜም እንደ ሌሎቹ አልተረበሹም። የቁስሉ ሕመም ግን በሁለቱም ወገን አንድ ነበር። ጨዋታው ፍርሃትን ቀነሰ እንጂ ሥጋን አላደነዘዘም።

ከዚህ በኋላ የምናነሣው ከጭንቀት ሕክምና ጋር በስም እንጂ በግብሩ አንድ ያልሆነ ነገር ነው፤ ግን በአገራችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ስለሆነ አናልፈውም። በምግብ እጦት እጅግ የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ አይጫወትም፤ አያለቅስም፤ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት ሕክምና ካወጣቸው 10 ደረጃዎች ዘጠነኛው ስለ ምግብም ስለ መርፌም አይደለም። ሕፃኑን በፍቅር መያዝ፥ ክፍሉን ደስ የሚያሰኝ ማድረግ፥ በየቀኑም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በሥርዓት ማጫወት ይገባል ይላል። መጫወቻውም ከገበያ የሚገዛ አይደለም። በክር የተሰካ ቀለበት፥ ጠጠር ያለበት የሚንኳኳ ጠርሙስ፥ የሚደራረብ ክዳንና ከጨርቅ የተሰፋ አሻንጉሊት ይበቃል። በዚህ ሥራ ላይ የሚገኙ ሰዎች ዘጠነኛውን ደረጃ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ አድርገው እንዳያዩት እንፈራለን።

ዘጠነኛው ደረጃ በምን ላይ እንደ ቆመ ለማየት ወደ ጃማይካ እንሂድ። ሳሊ ግራንታም ማክግሬጎርና ባልደረቦቿ በኪንግስተን ከተማ ድኃ ሰፈሮች ከ9 እስከ 24 ወር ዕድሜ ያላቸው፥ ቁመታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናትን መርጠው በ4 ወገን መደቧቸው። የመጀመሪያው ወገን በየሳምንቱ 1 ኪሎ የዱቄት ወተት ተሰጠው። ለሁለተኛው ወገን የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ቤቱ እየሄደች፥ ከወዳደቀ ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች እናቲቱ ከልጇ ጋር እንድትጫወት ለአንድ ሰዓት ያህል ታሳያት ነበር። ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ፤ አራተኛው አንዱንም አላገኘም። ሥራው ሁለት ዓመት ቆየ። በ1991 በታተመው ውጤት ወተቱም ጨዋታውም የሕፃናቱን አእምሮ እንዳሻሻለ፥ ሁለቱንም ያገኙት ደግሞ ከሁሉ እንደ በለጡ ታወቀ። ልጆቹ 22 ዓመት በሞላቸው ጊዜ እንደ ገና ተፈለጉ። በሕፃንነታቸው ጨዋታውን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ 25 ከመቶ የበለጠ ደመወዝ ያገኙ ነበር፤ ይህም በ2014 ታተመ። ወተት ብቻ ያገኙት ግን የፊት ብልጫቸው በዚያን ጊዜ አልታየም። ወተቱ ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም፤ የተራበ ሕፃን አስቀድሞ ይብላ። ነገር ግን ከልጇ ጋር መጫወትን የተማረች እናት ትምህርቱን ከሁለት ዓመት በኋላ የምትመልሰው ዕቃ አይደለም።

በአገራችንም ተመሳሳይ ምርምር በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተደርጓል። በምግብ እጦት እጅግ ተጎድተው የተኙ፥ ከ6 ዓመት በታች የሆኑ 339 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም የተለመደውን ሕክምናና ምግብ አገኙ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ በሆስፒታልና ከዚያም 6 ወር በቤታቸው ከቤተ ሰባቸው ጋር እንዲጫወቱ ተደረገ። በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ የተጫወቱት በሆስፒታል ሳሉ በመላ ሰውነት እንቅስቃሴ፥ ማለት በመቀመጥ፥ በመቆምና በመራመድ፥ ከሌሎቹ ቀደሙ፤ በቤታቸው ሳሉ ደግሞ በእጅና በጣት ሥራ በለጡ። በቋንቋና ከሰው ጋር በመግባባት ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል ነበሩ። ይህንንም ሳንሸሽግ የጻፍነው፥ ጨዋታ ሁሉን ያደርጋል የሚል ወሬ ከዚህ ጽሑፍ ተነሥቶ እንዳይናፈስ ነው።

አሁን ወደ አስተማሪዋ እንመለስ። በመልሳችን አስቀድመን የጻፍንላቸው ስለ ጨዋታ አልነበረም። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ጆሮውና ጉሮሮው ይመርመር አልን፤ የማይሰማ ልጅ ዝምተኛ ተብሎ ስንት ዓመት እንደሚቀመጥ እናውቃለንና። እናቱ ተጠርተው በቤት ይናገር እንደሆነ፥ እንቅልፍና ምግቡ እንዴት እንደሆነ ይጠየቁ፤ ልጁ ራሱን የሚጎዳ ወይም ፈጽሞ የማይበላ ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ አልን። ግርፊያውን በተመለከተ፥ የሚናገር ልጅን ዝም እንደሚያሰኝ እንጂ ዝም ያለውን እንደሚያናግር የሚያስረዳ አንድም ጥናት አላገኘንም።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ፥ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ለ30 ደቂቃ ከልጁ ጋር ይቀመጡ ብለን ጻፍን። ንጹሕ ጭቃ፥ ቆርኪ፥ የክብሪት ቤት፥ የጨርቅ አሻንጉሊቶችና ወረቀት በአንድ ካርቶን ይዘጋጅ፤ ሲጨርሱም ሁለታቸው እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ስለ አባቱ አይጠይቁት፤ እንዲናገርም አይለምኑት፤ የሚሠራውን አይተው ያዩትን ብቻ በለሰለሰ ቃል ይናገሩ። ግማሽ ሰዓቱ በትምህርቱ ጎበዝ ለሆነበት ቀን ሽልማት፥ ላጠፋበትም ቀን መቀጫ አይሁን። ይህም ሕክምናው ራሱ ሳይሆን ከሕክምናው የተቀሰመ ልማድ መሆኑን፥ እርሳቸውም በሐኪም ቦታ እንዳልተተኩ ገለጥንላቸው።

በሚያዝያ ወር ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰን። የልጁ ጆሮ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል፤ በቤትም ከታናሽ እኅቱ ጋር ብቻ በሹክሹክታ ይነጋገራል። ጨዋታውን የጀመሩት በየካቲት መግቢያ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀመጠ። በስድስተኛው ሳምንት በጭቃና በቆርኪ የጭነት መኪና ሠርቶ ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ እየለቀቀ ደጋግሞ ጣለው፤ ከዚያም በቀጭን ድምፅ «ፍሬኑ እምቢ አለ» አለ። አስተማሪዋም ምን እንደሚሉ ቢጨንቃቸው፥ «ፍሬኑ እምቢ አለ» ብለው ቃሉን መለሱለት። በክፍል ውስጥ አሁንም አይናገርም። እርሳቸው ግን ይህ መሻል ይባል እንደሆነ፥ ስንት ሳምንትስ መቀጠል እንዳለባቸው ይጠይቁናል።

መሻል ይሁን አይሁን ከዚህ ሆነን ልንፈርድ አንችልም፤ በአንድ ልጅ ማስረጃ አይቆምም ብለን ከላይ የጻፍነው ለራሳችንም ይሠራል። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን መልስ አለ። በ2005ቱ ምርመራ ጥቅሙ ከፍ ብሎ የታየው ከ35 እስከ 40 ጊዜ በተጫወቱት ልጆች ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሆነ ከየካቲት መግቢያ ጀምሮ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያደርሳል፤ ፈተናው ሲቀርብም እንዳያቋርጡት ጽፈንላቸዋል።